የጣና ደንገልና ከውሃ በታች ያለው ሳንቃ

የጣና ታንኳ ቀዛፊ ሸራ አይዘረጋም፤ አቅጣጫውን የሚያቀናው ውሃውን በዘንጉ እየገፋ ነው። ጠፍጣፋ ታንኳ በሸራ ሲጓዝ ግን ነፋሱ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል።

የኢኳዶር ባሕረኞች ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ይኸውም በታንኳው ግንዶች መካከል ቁልቁል የሚሰካው፣ ጓራ የተባለው ሳንቃ ነው። የፊተኛው ሳንቃ ሲጠልቅ የታንኳው አፍንጫ ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ የኋለኛው ሲጠልቅ ደግሞ ከነፋሱ ይሸሻል። እስፓኛውያኑ ሁዋንና ኡሎዋ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1748 በመጽሐፍ አሳትመውታል። ኖርዌጃዊው ቶር ሄየርዳል ግን በ1947 በኮን ቲኪ ከፔሩ ወደ ፖሊኔዥያ ሲሻገር ምስጢሩን በሚገባ አያውቀውም ነበር። በተግባር የተማረው በ1953 በኢኳዶር ዳርቻ ነው። ወደ ሁለት መቶ ዓመት ታትሞ ለኖረ ዕውቀት ይህ መዘግየት ያስገርማል!

በ1969 ይኸው ሰው ራ የተባለችውን ጀልባ ከጣና በተጫነ ደንገል፣ በቻድ ሐይቅ ሰዎች እጅ አሳሠራት። ደንገሉ በሁለት ሳምንት ይሰምጣል ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ እርሱ ግን አትላንቲክ ላይ ሁለት ወር ያህል ተንሳፈፈ። በመጀመሪያው ቀን የተሰበሩት መሪ መቅዘፊያዎቹ ናቸው፤ በኋላም የጀልባዋ የኋላ ክፍል ረገበ። ስለሆነም ጉድለቱ የአሠራሩና የመሪው እንጂ የጣና ደንገል አልነበረም። በ1970 የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እንደገና ከደንገል ያሰሯት ራ ሁለት፣ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።