ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪ የሚውሉ ማዕድናት ኃላፊነት የተሞላበትና ግልጽ አቅርቦት

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪ እንደየዓይነቱ ከሊቲየም፣ ከኮባልት፣ ከኒኬል፣ ከማንጋኒዝና ከግራፋይት ይሠራል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ተጠቃሚ ቁጥር እየጨመረ ነው። በጉጂ፣ ቀንጢቻ አካባቢ ታንታለምና ሊቲየም የያዘ ክምችት በመኖሩም አገሪቱ ከተጠቃሚነት ባሻገር አቅራቢ የመሆን ዕድል አላት።

ምንነቱ

ኃላፊነት የተሞላበት አቅርቦት ማለት ማዕድኑ ከሚወጣበት ቦታ ጀምሮ ባትሪው እስከሚመረትበት ፋብሪካ ድረስ በሰውና በአካባቢ ላይ የሚደርስ ጉዳት ተለይቶ መከላከያ የሚበጅለትና ለሕዝብ የሚገለጽበት አሠራር ነው። ከዓለም ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚገኘው በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲሆን፣ በዚያ በባህላዊ ማዕድን ማውጫዎች ሕፃናት ሲሠሩ መገኘታቸው ገዥዎች የማዕድኑን ምንጭ እንዲጠይቁ ምክንያት ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያው ለሚቀርብ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖር በሕግ ደንግጓል። ስለሆነም ምንጩ በማስረጃ ያልተረጋገጠ ማዕድን ገበያ ሊያጣ ይችላል።

በማዕድን አካባቢ የሚኖሩ ዜጎች መብት

• በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው።
• በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው በአንቀጽ 44 መሠረት ተመጣጣኝ ካሳ የማግኘት መብት አለው።
• በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የፕሮጀክቱ የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰበሰብበታል።
• ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በዕጩነት የተቀበላት የኤክስትራክቲቭ ኢንዱስትሪዎች ግልጽነት ኢኒሼቲቭ ኩባንያዎች የከፈሉትና መንግሥት የተቀበለው ገቢ ተመሳክሮ ለሕዝብ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

የአቤቱታ አቀራረብ

1. ፕሮጀክቱን በሚመለከት በተሰጠ ፈቃድ ወይም ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ለሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ያቀርባል። ውሳኔውም ቅሬታው በቀረበ በ30 ቀናት ውስጥ ይሰጣል።
2. ብክለት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለዚሁ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።
3. በብክለት አቤቱታው ላይ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል።

አቤቱታው ቦታውን፣ የጉዳቱን ዓይነትና የተፈጸመበትን ቀን በግልጽ ቢያሳይና ፎቶግራፍ ወይም ሌላ ማስረጃ ቢያያዝበት ይመረጣል። አቤት ባዩ ማመልከቻው ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ይዞ መቆየት ይኖርበታል፤ ከላይ የተጠቀሱት የጊዜ ገደቦች የሚሰሉት በዚሁ ማስረጃ ነው።