የገዳሪፍ ግድግዳና ልብሱ

የመተማና የገላባት መንገድ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በማርች 1889 የወደቁበት ጦርነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጦርነቱ ቀጥሎ የሲራራ ነጋዴው ታሪክ ይከተላል። ወታደሩም ነጋዴውም ዝናብ ሲይዘው ገብቶ የተጠለለበት ቤት ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር የ1861ን የዝናብ ወራት ከፍሎረንስ ጋር ያሳለፈው በአትባራ ወንዝ ዳር ሶፊ በተባለች መንደር፣ በአገሬው ጎጆ ውስጥ ነበር። በ1867 ያሳተመው መጽሐፍም ከዚያ ክረምት ኑሮ ጥቂት የማይባል ይዟል። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን አንባቢ መጽሐፉን የገዛው የዝሆን አደን ሊያነብ እንጂ ስለ ግድግዳ ጭቃ ሊማር አልነበረም።

ስለ ግድግዳው ለመናገር ከአፈሩ መጀመር ያስፈልጋል። በገዳሪፍ ዙሪያ የተዘረጋው ሜዳ ሱዳናውያን ባዶብ፣ የጎንደር ገበሬ ደግሞ መረሬ ወይም ዋልካ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ያው አፈር በሌላ በኩል የእህል ጠባቂ ነው። የአካባቢው ገበሬ ማሽላውን መጥሙራ በሚባል ጉድጓድ ቀብሮ፣ ዙሪያውን ገለባ አልብሶ፣ አፉን በአፈር ክምር ይደፍነዋል። ዝናቡ ሲመጣ ከላይ ያለው አፈር እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋዋል። ለጉድጓድ በረከት የሆነው ጠባይ ለግድግዳ መርገም ነው። ስለዚህም ባዶብ ብቻውን ለግንባታ አይመረጥም፤ አሸዋ የቀላቀለ አፈር ይፈለጋል።

በሱዳን ከተሞች የታወቀው የጭቃ ቤት ጃሉስ ይባላል። ጭቃው ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል በሆነ ረድፍ ይደረደራል፤ አንዱ ረድፍ ሳይደርቅ ቀጣዩ አይጫንበትም። ግድግዳው ሲያልቅ ገና ራቁቱን ነው፤ ልብሱ ዚባላ ነው። ዚባላ የአፈርና የከብት እበት ወይም የአህያ ፋንድያ ቡኮ ሲሆን፣ ውኃ እየተጨመረበት ለቀናት ይብላላል። የግራር ሙጫ የሚጨምሩበትም አሉ፤ ሐሻብና ጠልሕ የተባሉት ግራሮች ባሉበት አገር ሙጫ ብርቅ አይደለም። መብላላቱ ከንቱ ልማድ እንዳይመስል! በእበቱ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ጭረት አፈሩን እንደ ክር ያስተሳስረዋል፤ የሚያጣብቀውም ነገር በመብላላት ጊዜ ወጥቶ ከሸክላው ጋር ይዋሐዳል።

ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የወረደ ሰው ይህን ሥራ ሲያይ ስሙ እንጂ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአገሩ ቤት የሚቆመው በእንጨትና በማገር ነው። በማገሩ ላይ መጀመሪያ ጭድ የበዛበት ወፍራም ጭቃ ይመረጋል፤ ይህ ምርጊት ነው። ምርጊቱ ደርቆ ስንጥቁን ከጨረሰ በኋላ በደቀቀ ጭድ የታሸ ቀጭን ጭቃ ይለሰናል። በመጨረሻ እበቱ ወይም ነጩ አፈር በውኃ ቀጥኖ በእጅ ይለቀለቃል። ምርጊት፣ ልስን፣ ልቅለቃ፤ ሦስት ቃል፣ ሦስት ልብስ። ቋንቋው ራሱ የሥራውን ቅደም ተከተል ይዞ ቆይቷል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ምርጊቱ ገና እርጥብ ሳለ ልስኑ ከተደረበበት ከሥር የሚወጣው ስንጥቅ የላይኛውን ይዞት ይሄዳል። ደርቆ ሳለ ውኃ ሳይረጭበት ከተደረበ ደግሞ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ በአንድ ጊዜ ስለሚመጠው ልስኑ ሳይዝ ይረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መድረቅ፣ ቀጥሎ መርጠብ፣ ከዚያ መደረብ ነው።

በጊዜው ግን ሁለቱ አገሮች ይለያያሉ። በደጋው ልቅለቃ የሚደምቀው ክረምቱ ሲወጣ፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው የሴቶች ነው። ገዳሪፍ ላይ ዚባላ የሚታደሰው ኸሪፍ ሳይገባ፣ ከሰኔ አስቀድሞ ነው። አንዱ ካለፈ ዝናብ በኋላ የሚደረግ ጌጥ፣ ሌላው ለሚመጣ ዝናብ የሚለበስ ጋሻ ነው። ጋሻውም የማይበገር አይደለም። በኦገስት 1988 በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ካርቱም ላይ ሲወርድ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል። በ2020ው ጎርፍም በመላው ሱዳን ከ100,000 በላይ ቤቶች ተጎድተዋል።

ከካሳላ በገዳሪፍ አድርጎ ሰናር የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ በ1929 ሲጠናቀቅ ከተማይቱ ከወደቡ ጋር ተገናኘች፤ ከሩቅ የሚመጣ የቤት መሥሪያ ዕቃም መንገድ አገኘ። በ1944 የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኘው ሠራዊት ቀለብ ፍለጋ በጋደምበሊያ የትራክተር እርሻ ጀመረ፤ እርሻው በየአሥር ዓመቱ እየሰፋ ሄደ፤ ግራሩም ሣሩም ተመነጠረ። የጎጆ ክዳን፣ ማገርና ሙጫ ከደጅ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀረ። ሲሚንቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ መለጠፍም እንደ ሥልጣኔ ታየ። ጭቃው ግን ከወቅቱ ጋር ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግትር ነው። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ውኃ ይገባል፣ ግድግዳው ከውስጥ ይበሰብሳል፣ በስተመጨረሻም ልስኑ እንደ ቅርፊት ይፈነቀላል።

ዛሬ ዛሬ በቀለም መደብሮች በሁለት ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ኤፖክሲ የሚባል ሽፋን አለ። ሥሩ ስዊሳዊው ፒየር ካስታንና አሜሪካዊው ሲልቫን ግሪንሊ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የሠሩት ምርምር ነው። በአንዱ ቆርቆሮ ሬዚኑ፣ በሌላው ማጠንከሪያው አለ፤ ሲቀላቀሉ ይሞቃሉ፣ ይያያዛሉ፣ ወደ ቀድሞ ፈሳሽነታቸው አይመለሱም። ድርብርቡ የራሱ ሕግ አለው። ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ጨርሶ ሳይጠነክር ነው፤ ጊዜው ካለፈ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግድ ይላል። የዚባላ ባለሙያ ይደርቅ ብሎ የሚጠብቀውን ይህኛው ሳይደርቅ ይሽቀዳደመዋል። ለብረት ታንከርና ለደረቀ የኮንክሪት ወለል መልካም ነው። እርጥበት ከሥሩ የሚወጣበት ወለል ላይ ግን ያብጣል፣ ይላቀቃል፤ በጭቃ ግድግዳ ላይማ የሲሚንቶውን ጥፋት መድገም ነው። ዚባላ ዝናቡን የሚችለው አሳልፎ ስለማይሰጥ አይደለም። ጥቂት ጠጥቶ፣ ጥቂት ታጥቦ፣ በዓመቱ ስለሚታደስ ነው።

ችግሩ መታደሱ ላይ ነው። ለማደስ ሰው በቦታው መቆየት አለበት፤ ይህ አካባቢ ደግሞ የስደተኞች አገር ሆኖ ኖሯል። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ በረሃብና በጦርነት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ በ2000 የተዘጋ፣ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ለሸሹት እንደገና የተከፈተ መጠለያ ነው። በሱዳን ዓረብኛ ራኩባ ማለት በአራት እንጨት ላይ ሣር የለበሰ ዳስ ማለት ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ የሚመረግም ነገር የለውም። ቀጥሎ በ2021 መጀመሪያ ቱናይድባ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኸሪፍ ሲገባ ማዕበል የሁለቱንም መጠለያዎች ድንኳኖች ቀዳደደ፤ ከዚያ በኋላ የሣርና የእንጨት ጎጆ መሠራት ጀመረ። ድንኳን ተሰጥቶት በሚቀጥለው ወር አገሬ እገባለሁ የሚል ሰው ጭቃ አያቦካም። ማገር አቁሞ፣ እበት ለምኖ፣ ምርጊቱን ለመጀመር ልብ ያለው ሰው ክረምቱን እዚሁ እንደሚያሳልፍ ለራሱ አምኗል። ለአንዳንዱ ይህ እምነት ከጭቃው ይልቅ ይከብዳል፤ ግድግዳውን ሳይመርግ ዓመታት የሚቆይ የሚኖረውም በስንፍና አይደለም።

በአፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተገለበጠ። ከካርቱም የሸሹ ሰዎች ገዳሪፍን ሞሏት፤ ሌሎችም በገላባት አልፈው ወደ መተማ ተሻገሩ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተከፈቱላቸው። ዚባላውን የሚያውቁት ሱዳናውያን ምርጊት ወደሚባልበት አገር ገቡ፤ የተሰጣቸው ግን ሸራ ነበር።