በላስታ ስለ ማዳመጥ ታሪክና ለስጦታ ስለሚኾን የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ

መግቢያ

ከአዲስ አበባም ኾነ ከደሴ ወይም ከባሕር ዳር ለገና በዓል ወደ ላስታ የሚመለስ ተማሪ ባዶ እጁን ከቤተ ሰቡ ደጃፍ ሊደርስ አይወድም። ቀድሞ ከከተማ የሚወሰደው ስኳርና ቡና፣ ለእናት ሻሽ፣ ለአባት የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ነበር። የእጅ ስልክ በየገጠሩ ከገባ ወዲህ ግን አንድ አዲስ ስጦታ ከነዚህ ጋራ ተጨምሯል፤ ይኸውም በተለምዶ ኤርፎን ወይም ሄድፎን የምንለው የጆሮ ማዳመጫ ነው። ዋጋው ከተማሪ ኪስ የማይርቅ፣ ለመያዝም ቀላል ስለ ኾነ ብዙዎቻችን ሳናስብበት እንገዛዋለን። ኾኖም በደስታ ተቀብለውት ከሳምንት በኋላ ከሣጥን ግርጌ የሚጥሉት ሰዎች አይታጡም። ምክንያቱ ዕቃው መጥፎ መኾኑ ብቻ ሳይኾን፣ ሲመረጥ የአድማጩ ራስ፣ ጆሮና ኑሮ አለመታሰቡ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በታሪክ መንገድ ልንመረምረው እንወዳለን። ተራ አድማጭ የምንለውም ሙዚቃ ሞያው ያልኾነውን፣ ዜናም መዝሙርም ዘፈንም በሥራው መካከል የሚሰማውን ሰው ነው። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫን የሕዝብ ዕቃ ያደረገው የድምፁ ብርታት ሳይኾን ክብደቱ መቀነሱና ለሰው አካል መስማማቱ ነው። በላስታ ደግሞ ማዳመጥ ከጥንት የማኅበር ሥራ ስለ ኾነ፣ መልካም ስጦታ የሚባለው አድማጩን ከቤቱ ድምፅ የማይለየው ነው።

1. በላስታ ማዳመጥ የማኅበር ሥራ ስለ መኾኑ

ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታ ልደትና፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፣ በቤተ ማርያም ከካህናቱ ከፊሎቹ በዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹም ከታች በቅጽሩ ውስጥ ቆመው ቤዛ ኵሉ የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ያቀርባሉ። ከላይ የቆመውም ከታች የቆመውም ምእመን አንዱን ድምፅ በአንድ ጊዜ ይካፈላል። ይህን ዝማሬ አንድ ሰው ለብቻው የሚሰማበት መንገድ አልነበረም፤ ለመስማት መምጣት፣ መምጣትም ከሰው ጋራ መቆም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ነገሩ እንዲሁ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በሰርግ ቤትና በጠላ ቤት ሲዘፍን፣ ግጥም ከአድማጩ ይቀበላል፤ ስለዚህ አድማጩ የዘፈኑ ተካፋይ እንጂ ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም። ላሊበሎች ወይም ሐሚና የሚባሉትም ዘማሪዎች ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ ባለቤቱን ያወድሳሉ። ስማቸው ከከተማው ስም ጋራ አንድ ይኹን እንጂ የሚዞሩት በላስታ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ገና ከመኝታው ሳይነሣ ውዳሴውን ሲሰማ ጎረቤቱም አብሮ ይሰማል። እንግዲህ በዚህ አገር ድምፅ ጆሮን ብቻ የሚያስደስት ነገር ሳይኾን ሰውን ከሰው ጋራ የሚያገናኝ ነበር ማለት ነው።

2. መሣሪያው ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደ ቀለለ

የጆሮ ማዳመጫ የተወለደው ከስልክ ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ የምንሰካው ቀጭን ሶኬት እንኳ፣ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ይጠቀሙበት ከነበረው ትልቅ ሶኬት የወረደ ነው። የነዚያ ሠራተኞች የመጀመሪያ ማዳመጫ በትከሻ የሚጫን፣ ለአንድ ጆሮ ብቻ የሚያገለግል ከባድ ዕቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የሚባል አሜሪካዊ በዩታ አገር በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ለኹለት ጆሮ የሚኾን ማዳመጫ ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ላከ። ሰውየውን ለዚህ ሥራ ያነሣሣው በትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰጠውን ስብከት አጥርቶ ለመስማት መፈለጉ ነው ይባላል። ባሕር ኃይሉም ሞክሮ ስለ ወደደው አዘዘ። ይሁን እንጂ ይህ ማዳመጫ የወታደርና የሬዲዮ ሠራተኛ መሣሪያ እንጂ የተራ አድማጭ ዕቃ አልነበረም።

ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው ስቴሪዮ ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ1958 በጆን ኮስ እጅ በሚልዋኪ ከተማ ወጣ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ ዜንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ኤች ዲ 414 የተባለውን አቀረበ። ይህ ማዳመጫ ጆሮን አፍኖ በመዝጋት ፈንታ በቀላል ስፖንጅ ብቻ ተሸፍኖ አየርና የውጭ ድምፅ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነበር፤ ክብደቱም 135 ግራም ያህል ነበር። ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ዕቃ ኹሉ ከባድ መኾን አለበት የሚለው አሳብ በዚህ ተሻረ።

ታላቁ ለውጥ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1979 ሶኒ ዎክማንን ለገበያ ባወጣ ጊዜ ነው። ከእርሱ ጋራ የተሰጠው ማዳመጫ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ዝቅ ያለ ስለ ኾነ ሰው በራሱ ላይ መኖሩን እስኪረሳ ድረስ ሊያደርገው ቻለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለኛ አገር ሰው ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር አለ። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ሰው ለብቻው ማዳመጡ እንደ ነውር እንዳይቈጠር ስለ ሠጋ፣ የመጀመሪያው ዎክማን ለኹለት ሰው የሚኾን ኹለት ሶኬትና፣ ማዳመጫውን ሳያወልቁ ለመነጋገር የሚያስችል ቍልፍ ነበረው። በኋላ ግን ገዢው ለብቻው መስማትን ስለ መረጠ ቍልፉ ቀረ። የላስታ ሽማግሌ ሊያነሣው የሚችለውን ጥያቄ የቶኪዮ ነጋዴ አስቀድሞ አንሥቶት ነበር።

3. ሬዲዮና ቴፕ፤ ለብቻ ማዳመጥ ወደኛ እንዴት እንደ መጣ

በአገራችን የሬዲዮ ጣቢያ በአቃቂ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1935 የጃንሆይን ድምፅ ወደ ውጭ ዓለም አሰምቷል። ሬዲዮ ወደ ደጋው ገጠር የዘለቀው ግን ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ነው፤ መብራት በሌለበት ስፍራ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ብቻ ሊኖር ይችላልና። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረው የጀርመን ድምፅም በዚህ ዓይነት ሬዲዮ የሚሰሙ ነበሩ። ባለ ሬዲዮው ሰው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያሰማ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መጠቀም የብዙ ቤት ልማድ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቴፕም፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ፣ በሻይ ቤትና በአውቶቡስ ውስጥ ለኹሉ የሚጮኽ የጋራ ዕቃ ኾነ።

ድምፅን ቀንሶ ለብቻ ማዳመጥ በሰፊው የታወቀው በደርግ ዘመን ነው። የተቃዋሚዎችንና የውጭ አገሮችን ሬዲዮ መስማት አደጋ ስለ ነበረው፣ ሰው ሬዲዮውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ አንዳንዱም በጋቢው ተሸፍኖ ያዳምጥ ነበር። ላስታም የጦርነት አገር ኾኖ ስለ ቈየ ይህን ያውቃል። እንግዲህ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ወጣት የደስታ ነገር ኾኖ የመጣው ለብቻ ማዳመጥ፣ ለብዙ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያ የመጣው የፍርሃት ነገር ኾኖ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጆሮውን ደፍኖ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ ሲያዩ ወላጆች የሚሰማቸው ቅሬታ የአላዋቂነት ምልክት ነው ብለን ልንንቀው አይገባም።

4. ለስጦታ ሲመረጥ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ታሪክ አምስት የመምረጫ መንገዶችን ማውጣት እንችላለን።

አንደኛ፣ የተቀባዩን ስልክ ማወቅ ነው። ብዙ ባለ ቍልፍ ስልኮች ኤፍ ኤም ሬዲዮ የሚይዙት የኤርፎኑን ሽቦ እንደ አንቴና አድርገው ነው፤ ያለ ሽቦ ሬዲዮው ይንሾካሾካል ወይም ጨርሶ አይሰማም። ለእንዲህ ያለ አድማጭ ገመድ አልባ ማዳመጫ መስጠት ሬዲዮውን መንጠቅ ነው። በአንጻሩ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ክቡ ሶኬት ስለሌላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ኹለተኛ፣ የመብራት ነገር ነው። ገመድ አልባው በየጊዜው ኃይል መሙላት ያስፈልገዋል፤ ባለ ገመዱ ግን ከስልኩ በቀር ሌላ አይፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ያየ ሰው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮና ተራ ሽቦ ዋጋቸው ምን ያህል እንደ ኾነ ይረዳል። ባለ ገመዱ በዋጋም ርካሽ መኾኑ ለሰጪው ሌላ ጥቅም ነው።

ሦስተኛ፣ የራስ ልብስ ነው። የቄስ ጥምጥም፣ የእናት ሻሽና ሹሩባ፣ በብርድ ጊዜ እስከ ጆሮ የሚደርሰው ጋቢ ኹሉ በራስ ላይ ከሚታሰረው የሄድፎን ቅስት ጋራ አይስማሙም። ጉትቻ ያደረገች ሴትም ጆሮ ላይ የሚጫነው ዓይነት ያሳምማታል። ለነዚህ ሰዎች በጆሮ ደጃፍ የሚቀመጠው ትንሹ ኤርፎን ይሻላል፤ የተለያየ መጠን ያላቸው ለስላሳ ጫፎች ተጨማሪ ኾነው ከመጡለት ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው። ባዶ ራሱን ለሚቀመጥ ተማሪ ወንድም ግን ቀላልና አጥብቆ የማይዝ ሄድፎን ይመቸዋል። ገዢው በሱቅ ሳለ በራሱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቢቈይ፣ ጠባብነቱንና ሙቀቱን በስም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ይልቅ በትክክል ያውቃል፤ በታወቀ ስም የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያ ሞልቷልና።

አራተኛ፣ የውጭውን ድምፅ ማስገባቱ ነው። በግቢ ሥራ ላይ ያለች እናት የሕፃን ልቅሶና የእንግዳ ጥሪ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የመንጋውን ድምፅ መስማት አለባቸው። ስለዚህ ጆሮን ጨርሶ የማይደፍነው ይመረጣል። ይሁን እንጂ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በመኪና ሲጓዙ የሞተሩ ጩኸት ስለሚያሸንፈው፣ ክፍት ማዳመጫ ያለው ሰው ድምፁን ከመጠን በላይ እንዲጨምር ይገደዳል። ዘወትር ለሚጓዝ ሰው የሚደፍነው ዓይነት የሚሻልበት ምክንያት ይህ ነው።

አምስተኛ፣ የጆሮ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ድምፁ 90 ዴሲቤል ቢደርስ ግን ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። እንግዲህ ሻጩ በጣም ይጮኻል እያለ ሲያመሰግነው ገዢው ሊጠራጠር ይገባዋል።

መደምደሚያ

ከስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ትከሻ እስከ ዎክማን ያለው ታሪክ እንደሚያሳየን፣ የጆሮ ማዳመጫ ወደ ሕዝብ የቀረበው በቀለለና በተመቸ መጠን ነው። የላስታ ታሪክ ደግሞ በበኩሉ ድምፅ የጋራ ሀብት መኾኑን ያስተምረናል። ኹለቱን ስናስተባብር፣ ለተራ አድማጭ የሚኾነው ስጦታ ቀላል፣ ባለ ገመድ፣ ከራስ ልብሱና ከስልኩ ጋራ የሚስማማ፣ የቤቱንም ድምፅ የማያስቀር ሊኾን ይገባል እንላለን። እንዲህ ያለው ዕቃ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ በዋጋ ያንሳል፤ በአገልግሎት ግን ይበልጣል። ባለ ገመዱ ኤርፎን ኹለት ጫፍ ያለው መኾኑም አይዘንጋ፤ አንዱን ልጅ፣ አንዱን አባት ይዘው አንድ ዜና አብረው ሊሰሙበት ይችላሉ። ሞሪታ በኹለት ሶኬት የፈለገውን በዚህች ርካሽ ሽቦ ማግኘት ይቻላል።