ከአጣጥ የወጣው መድኃኒት

አጣጥ በየአጥሩ ጥግና በየገደላገደሉ የሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው፤ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ይሉታል። ከአጣጥ ዝርያዎች በአንዱ ውስጥ የተገኘ መርዝ ዛሬ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ዕድሜ እያራዘመ መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ከየአገሩ ዕፅዋት እያስመጣ ያስመረምር ነበር። ከኢትዮጵያም የአጣጥ ናሙና ሄደ። በ1972 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ካፕቻንና ባልደረቦቻቸው ከዚያ ውስጥ ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ማግኘታቸውን አሳወቁ።

አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወዲህና ወዲያ የሚጎትቱ ቀጫጭን ክሮች ያበጃል። ሜይታንሲን ክሮቹ እንዳይሠሩ ያግዳል፤ ሕዋሱም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ችግሩ መርዙ ጤነኛውን ከታመመው አለመለየቱ ነበር። በ1970ዎቹ የተሞከረባቸውን ታማሚዎች ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አሠቃያቸው፤ ዕጢያቸው ግን እምብዛም አልቀነሰም። ሙከራው ቆመ። የመድኃኒት ታሪክ ሲነገር ስማቸው የማይነሳው እነዚህ ታማሚዎች ከሳይንቲስቶቹ እኩል ሊመሰገኑ ይገባል ባይ ነኝ።

ሜይታንሲን የተመለሰው መሪ ከተገኘለት በኋላ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት በገጻቸው ላይ ሄር2 የተባለ ፕሮቲን ከልክ በላይ ያበዛሉ። ትራስቱዙማብ የተሰኘው ፀረ እንግዳ አካል ይህን ፕሮቲን ፈልጎ ይጣበቅበታል። ተመራማሪዎች የተሻሻለውን ሜይታንሲን በትራስቱዙማብ ላይ አሰሩት፤ መርዙ በአብዛኛው የሚፈታው የካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በ2012 በታተመ ጥናት ካንሰሩ ከተሰራጨባቸው 991 ታማሚዎች መካከል አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ (ሚዲያን) ጊዜ 30.9 ወር ሲሆን በነባሩ ሕክምና የቆዩት 25.1 ወር ነበር። በዓመቱ ካድሳይላ በሚል ስም በአሜሪካ ተፈቀደ።

አጣጥ ቀቅሎ መጠጣት ግን ካንሰር አያድንም። በተክሉ ውስጥ ያለው ሜይታንሲን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለመድኃኒቱ የሚሆነውም ዛሬ የሚገኘው ከባክቴሪያ ነው።

ናሙናው ሲወሰድ አገሮች ከጄኔቲክ ሀብታቸው ጥቅም እንዲጋሩ የሚደነግገው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ገና አልተፈረመም ነበር፤ ኢትዮጵያም የጄኔቲክ ሀብቷን የሚጠብቀውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ነው። ካድሳይላ ገበያ ሲወጣ የአንድ ወር ዋጋው 9,800 ዶላር ገደማ ነበር። ይህን ከኪሷ ከፍላ የምትታከም ኢትዮጵያዊት ስንት ትኖራለች? መድኃኒቱ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገባ ድርድር ሲደረግ የአጣጥ ታሪክ ከጠረጴዛው ላይ መቅረብ አለበት።