ኬዙን ከፍቶ ክፍል የመቀየር ነፃነት ከየት መጣ?

ሰባት ስምንት ዓመት ያገለገለ ዴስክቶፕ ሲንቀራፈፍ ባለቤቱ ብዙም አይጨነቅም። ኬዙን ይከፍታል፣ የድሮውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ይቀይራል፣ ራም ይጨምርበታል። አዲስ ኮምፒውተር ከሚጠይቀው ገንዘብ በጥቂቱ አሮጌው ማሽን ነፍስ ይዘራል። በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ይህን ማድረግ የሚችል ሰው እምብዛም የለም። ዴስክቶፕ ለምን ተለየ? መልሱ የአንድ ትልቅ ድርጅት ጥድፊያና ከዚያ በኋላ የተከተለ የገበያ ፍልሚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 አይቢኤም የዓለም የኮምፒውተር ንጉሥ ነበር። የግል ኮምፒውተር ገበያ ግን እነ አፕል ቀድመውት ነበር። ድርጅቱ ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን ለሚገኝ አነስተኛ ቡድን አንድ ዓመት ያህል ጊዜ ሰጥቶ ማሽን አምጡ አለ። በዚያ ጊዜ ሁሉንም ነገር እንደ ልማዱ በራሱ ፋብሪካ ማምረት አይቻልም። ስለዚህ ቡድኑ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት፣ ሌላውንም ከገበያ ሰበሰበ። ነሐሴ 12 ቀን 1981 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ኮምፒውተር መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር፣ ራሙ 16 ኪሎባይት ነበር። ውስጡ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው 5 ማስገቢያዎች ነበሩት። አይቢኤም የማሽኑን የኤሌክትሪክ ንድፍ የያዘ የቴክኒክ መጽሐፍም አሳትሞ ሸጠ። ዓላማው ሌሎች ድርጅቶች ካርድ እየሠሩ ማሽኑን እንዲያደምቁለት ነው።

ለራሱ ያስቀረው ዋናው ቁልፍ ባዮስ ነበር፤ ማሽኑ ሲበራ ክፍሎቹን የሚያስተዋውቀው አነስተኛ ፕሮግራም። ኮዱ በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለሆነ መገልበጥ አይቻልም። በ1982 ሂውስተን ውስጥ የተቋቋመው ኮምፓክ መንገድ አገኘለት። አንድ ቡድን ባዮሱ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ዘርዝሮ ጻፈ። ኮዱን አይቶ የማያውቅ ሌላ ቡድን ደግሞ ዝርዝሩን ይዞ ከባዶ ጻፈው። ሥራው ሕጋዊ ነበርና ኮምፓክ ማሽኑን መሸጥ ጀመረ። በ1984 ፊኒክስ የተባለ ድርጅት እንዲህ ያለውን ባዮስ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ሲጀምር በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አይቢኤም በ1987 በሩን መልሶ ለመዝጋት ሞከረ። ፒኤስ/2 በተባለው አዲስ ማሽኑ የካርድ ማስገቢያውን ቀየረና መጠቀም የሚፈልግ ክፍያ ይክፈል አለ። ነባር ካርዶች አዲሱ ማሽን ላይ አይገቡም። በማግሥቱ ዓመት በኮምፓክ የሚመሩ ዘጠኝ ድርጅቶች ተባብረው ነባሩን ካርድ የሚቀበል የራሳቸውን ደረጃ አወጡ። ገዢውም በእጁ ያለውን ካርድ ከሚያስጥለው ማሽን ይልቅ ተቀናቃኞቹን መረጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ገበያው ከአይቢኤም እጅ እየወጣ ሄደ። በ2005 የግል ኮምፒውተር ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ተሰናበተ።

በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ አወጣ። የማዘርቦርዱ ስፋት፣ የብሎኑ ቀዳዳ ቦታና የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ አንድ ወጥ ሆኑ። ዛሬ ኬዙን ከአንዱ፣ ማዘርቦርዱን ከሌላው፣ ፓወር ሰፕላዩን ከሦስተኛው ገዝቶ መግጠም የሚቻለው በዚህ የተነሳ ነው።

ፍልሚያው ግን አላለቀም። በ2017 ኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹን ሲያወጣ የእግሮቻቸው ቁጥር እንደ ቀድሞው 1151 ነበር፤ ሆኖም አዲስ ማዘርቦርድ ጠየቁ። ኤኤምዲ በዚያው ዓመት ለገበያ ካቀረባቸው ኤኤም4 ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ግን ባዮሳቸው ሲታደስ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ተቀበሉ። አንዱ ገዢ ከአምስት ዓመት በኋላ ፕሮሰሰር ብቻ ገዛ፤ ሌላው ማዘርቦርዱንም አብሮ መቀየር ግድ ሆነበት። ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ከፍጥነቱ ቁጥር በፊት የማዘርቦርዱን ዕድሜ ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እያንዳንዱ ራምና ፕሮሰሰር በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ብዙ አሮጌ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። በ2025 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ፍላጎት የራምን ዋጋ ሰቀለው። ማይክሮንም ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ገዢ የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ።

በዚህ ጊዜ ገንዘብን በቅደም ተከተል ማውጣት ይበጃል። ማሽኑ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይቅደም፤ ከሁሉም በላይ ለውጡ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ራም፦ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ታይቶ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባምና። ፕሮሰሰር የሚመጣው ማዘርቦርዱ የሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ከተነበበ በኋላ ነው። ግራፊክስ ካርድ ለጨዋታ፣ ለቪዲዮና ለዲዛይን ሥራ እንጂ ለቢሮ ጽሑፍ አያስፈልግም። ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን መሰሰት አይገባም፤ መጥፎው ሲቃጠል ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለቢሮ ተብለው ከተሠሩ ያገለገሉ የብራንድ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከውጭ ሲታዩ እንደማንኛውም ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ከኤቲኤክስ ውጭ ነው። ፓወር ሰፕላያቸው ሲበላሽ ከገበያ የተገዛው አይገጥምም። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ማሽንም ሲገዙት የነበረውን ይዞ ያረጃል። እነዚህ ማሽኖች አይቢኤም በ1987 ያልተሳካለትን በጸጥታ እያሳኩ ነው።

በ1988 የተባበሩትን ዘጠኝ ድርጅቶች ለአሸናፊነት ያበቁት ገዢዎች ናቸው፤ ዛሬም ፈራጁ ገዢ ነው። በአንድ ጊዜ መቶ ዴስክቶፕ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ የፍጥነትና የራም መጠን ብቻ ከጻፈ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መቶውንም ሊጥል ይችላል። ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ኤቲኤክስን የተከተሉ፣ ራሙም የሚነቀል ይሁን የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ለአንድ ክፍል እንጂ ለሙሉ ማሽን አይሆንም።