ዊንዶውስ 7 ሲጫን የዩኤስቢ ኪቦርድ አለመሥራት

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ስካይሌክ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሲጫን፣ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የማይታዘዙበት ችግር ያጋጥማል። ኪቦርዱ አልተበላሸም። ኢንቴል በ2015 ከስካይሌክ ጋር ባወጣቸው ቺፕሴቶች ላይ ኢኤችሲአይ የተባለውን የዩኤስቢ 2.0 መቆጣጠሪያ አስቀርቶ፣ የዩኤስቢ ወደቦቹን ሁሉ ኤክስኤችሲአይ ለተባለው አዲስ መቆጣጠሪያ ሰጠ፤ የዊንዶውስ 7 መጫኛ ደግሞ የዚህ መቆጣጠሪያ ድራይቨር የለውም።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ያው ኪቦርድ ባዮስ ውስጥ በደንብ ሲሠራ ስለሚያይ ነው። እዚያ ኪቦርዱን የሚያነበው የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ መጫኛው ሥራውን ሲረከብ ግን ያ ድጋፍ ይቋረጣል። ስለዚህ ሌላ የዩኤስቢ ኪቦርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ማዘርቦርዱ ክብ የፒኤስ 2 ሶኬት ካለው፣ ከመጋዘን የወጣ አሮጌ የፒኤስ 2 ኪቦርድ ችግሩን ይፈታል። ከሌለው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ድራይቨሩን ወደ መጫኛ ፍላሹ ማስገባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል፦ ድራይቨሩ ቡት.ዊም እና ኢንስቶል.ዊም በተባሉት በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ መግባት አለበት። በመጀመሪያው ብቻ ከገባ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ተነስቶ የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅ ኪቦርዱ መልሶ ዝም ይላል።