የወባ ባዮማርከሮች

ባዮማርከር (ሥነ ሕይወታዊ አመልካች) በሰውነት ውስጥ ተለክቶ ጤናን፣ በሽታን ወይም ሕክምና ያስገኘውን ውጤት የሚያሳይ ምልክት ነው። በደም ውስጥ ያለ የስኳር መጠን የስኳር በሽታን ለመለየት፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ መጠን ደግሞ መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ያገለግላል። በወባ ፈጣን ምርመራ የሚፈለጉት ባዮማርከሮች የወባ ጥገኛ ተህዋስ በደም ውስጥ የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች ናቸው።

አጠቃቀም በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች ነው። በአዊ ዞን የምትገኘው ጫግኒ ከተማም ከዚህ ከፍታ በታች ናት። ማይክሮስኮፕ በሌላቸው ጤና ኬላዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፈጣን መመርመሪያ ይጠቀማሉ። ከታማሚው ጣት የተወሰደ የደም ጠብታ መመርመሪያው ላይ ይደረጋል፤ በውስጡ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ፕሮቲኑን ከያዙ ባለ ቀለም መስመር ይታያል። ውጤቱ በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል።

ዋና ዋና አመልካቾች

* ኤችአርፒ2፦ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ብቻ የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ታማሚው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ሕክምናን ለመከታተል አይመችም።
* ፒኤልዲኤች፦ ፋልሲፓረምም ሆነ ቫይቫክስ የሚያመነጩት ኢንዛይም ነው። የሚመረተው በሕይወት ባለ ተህዋስ ስለሆነ ከፈውስ በኋላ ቶሎ ይጠፋል።

ሁለቱ ዝርያዎች በኢትዮጵያ በስፋት ይገኛሉ፤ የሚታከሙበት መድኃኒትም ስለሚለያይ ዝርያውን መለየት ያስፈልጋል።

የጂን መጥፋት

አንዳንድ የፋልሲፓረም ተህዋሲያን ኤችአርፒ2ን የሚያሠራው ጂን የላቸውም። ተመሳሳይ ፕሮቲን የሚያሠራው የኤችአርፒ3 ጂንም አብሮ ሲጠፋ ታማሚው ወባ እያለበት ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ክስተቱ መጀመሪያ የታወቀው በፔሩ ሲሆን፣ በኋላ በኤርትራም በስፋት ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ በ2021 ታትሟል። በጥናቱ ግምት በኤችአርፒ2 ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ በጂኑ መጥፋት ምክንያት 9.7 በመቶ የሚሆኑ የፋልሲፓረም ሕሙማንን ያመልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ሲበልጡ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል።

በመመርመሪያ ያልተያዘ ታማሚ መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል፤ ፋልሲፓረም ደግሞ ካልታከመ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የጂኑ መጥፋት የማይክሮስኮፕ ምርመራን አያሳስትም፤ ባለሙያው የሚያየው ተህዋሱን እንጂ ፕሮቲኑን አይደለምና።